ሰባ ሰባት የታለች? የአገርን ገቢ በግራፍ ስናሳይ ደሴ ላይ የገጠመን

«ልጄ፣ ሰባ ሰባት የታለች?»

የጠየቁኝ ከፊት ረድፍ የተቀመጡ፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ አባት ናቸው። ቦታው ደሴ ነው። ሰው ወደ አርባ ይሆናል። ግድግዳው ላይ የኢትዮጵያን የአርባ ዓመት ኢኮኖሚ የሚያሳይ ላይን ግራፍ በፕሮጀክተር አብርቻለሁ። የፈለጉት ቀላል ነገር ነው፤ ያለፉበትን የ1977 የረሃብ ዓመት፣ ወገናቸውን የቀበሩበትን ዓመት ሥዕሉ ላይ ማየት። እኔም ዞር ብዬ ፈለግኋት። አጣኋት። እዚያ ቦታ ላይ መስመሩ ሜዳ ነው፣ ጠፍጣፋ።

ቁጥሩ አልተሳሳተም። ኤክሴሉን ከፍቼ አየሁት፣ ሰባ ሰባት እዚያው ቁጭ ብላለች። ግን ወሎ ላይ ቆመህ የአገር ገቢ ብለህ ባሳየኸው ሥዕል ላይ ሰባ ሰባት ካልታየች፣ የመረጥከው ሥዕል ልክ አይደለም። ይህ ጽሑፍ የዚያን ቀንና ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሁለት ሳምንታት ታሪክ የያዘ ነው። አንድን የቁጥር ሰንጠረዥ በተለያየ ግራፍ ስናሳየው ሰዉ ምን ምን እንዳነበበበት ልንገራችሁ፤ እኛ ከጠበቅነው ጋር የተገናኘው ትንሹ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደመጣ ላስረዳ። የኢኮኖሚክስ መምህር የሆነ ጓደኛዬ ለወጣቶች፣ ለነጋዴዎችና ለሰፈር ሽማግሌዎች የግማሽ ቀን ውይይት አዘጋጀ። ርዕሱ «የአገር ገቢ ማለት ምን ማለት ነው» የሚል ነው። ንግግሩን እሱ ያዘ፣ ሥዕሎቹን እኔ። እኔ ኤክሴል አስተምራለሁ፣ ግራፍ መሥራት የዕለት ሥራዬ ነው። ቁጥሮቹን የወሰድነው የዓለም ባንክ በነፃ ከሚለቀው ሰንጠረዥ ነው። የኢትዮጵያ ተከታታይ ቁጥር እዚያ ላይ የሚጀምረው ከ1981 በፈረንጅ ነው፤ እኛ እስከ 2023 ያለውን ተጠቀምን።

ያሳየነው ጂዲፒን ነው፣ ማለትም በአንድ ዓመት ውስጥ አገር ውስጥ የተመረተውን ሁሉ። ብሔራዊ ገቢ ሲባል ደግሞ ዜጎች ከውጭ የሚያገኙት ገቢ ይደመርበታል፣ የውጭ ሰዎች ከዚህ የሚወስዱት ይቀነስበታል። ለኛ አገር ሁለቱ ያን ያህል አይራራቁም፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ብዙ አልቆምም።

የመጀመሪያው ምርጫዬ የዶላር ቁጥር ነበር። በ2000 ጂዲፒው 8.2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው፣ በ2023 ደግሞ 163.7 ቢሊዮን። ሃያ እጥፍ ማለት ነው። ጓደኛዬ ግን «ተው፣ ይሄ ውስጥ የዋጋ ንረቱም የምንዛሪውም ነገር አለ» አለኝ። እውነቱን ነው። የዋጋውን ለውጥ አውጥተን በቋሚ ዋጋ ስናሰላው፣ የየዓመቱን የእድገት መጠን አንዱን በአንዱ ላይ እያባዛሁ ስሄድ፣ በእነዚያው ዓመታት ያደገው ስድስት እጥፍ ተኩል ገደማ ነው። ስድስት እጥፍ ተኩል ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ከሃያ ጋር ግን አንድ አይደለም።

የዶላር መስመር ሌላም ጣጣ አለው። በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንት በሁለት ሳምንት ውስጥ መቶን አለፈ። አንድ ትሪሊዮን ብር በ57 ሲመነዘር 17.5 ቢሊዮን ዶላር ነው፣ በ114 ሲመነዘር ግን ግማሹ። ያው ጤፍ፣ ያው ሲሚንቶ፣ ያው የሸማኔ ጋቢ ነው። የዶላሩ ግራፍ ላይ ግን ገደል ይሆናል። ስለዚህ በቋሚ ዋጋ እንሂድ ተባባልን። ይህ ውሳኔ ትክክል ነበር፣ አሁንም አልቀይረውም።

እና በቋሚ ዋጋ የተሠራውን ላይን ግራፍ ነው ያበራሁት። ያማረ ነው። መስመሩ ከግራ ተነስቶ ረጅም ሜዳ ይሄዳል፣ ወደ መጨረሻው ሽቅብ ይወጣል። አባባ «ሰባ ሰባት የታለች?» ያሉኝ እዚህ ላይ ነው።

ማታ ቤት ገብቼ ሥዕሉን በኤ ስሪ ወረቀት አተምኩትና ማስመሪያ ይዤ ለካሁት። የሥዕሉ ከፍታ ሃያ ሳንቲ ሜትር ነው። የሰባ ሰባት ውድቀት ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ። ያ ሁሉ መከራ ሁለት ሚሊ ሜትር! ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የ2023 ኢኮኖሚ የ1985ቱን አሥራ አንድ እጥፍ ያህላል። ግራፉ ለትልቁ ቁጥር ቦታ ለመስጠት ሲል ትንሹን ዘመን ከታች ጨፍልቆ ያስተኛዋል። በዚያ ሥዕል ላይ ከ1981 እስከ 2003 ያለው ሃያ ዓመት ምንም ያልተፈጠረበት ይመስላል። ድርቁ፣ ጦርነቱ፣ የመንግሥት ለውጡ፣ ሁሉም አንድ ሜዳ ላይ ተኝተዋል።

እዚያው ስብሰባ ላይ ግን ይህን ሁሉ ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም። ቶሎ ብዬ ሌላውን ሥዕል ከፈትኩ፤ የየዓመቱን እድገት በመቶኛ የሚያሳየውን ባር ቻርት። ከዜሮ በላይ ያደገበት፣ ከዜሮ በታች የወደቀበት። እዚህ ላይ ሰባ ሰባት ወዲያው ታየች። በፈረንጅ 1985 ላይ አንዲት ዘንግ ወደ ታች ትወርዳለች፣ ከሁሉም ረጅም፤ 11.1 በመቶ ውድቀት። ከእሷ በፊት ያለችው የ1984 ዘንግም ወደ ታች ናት፣ 2.8። አዳራሹ ዝም አለ። አባባ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ማንም ምንም አላለም። እኔም አልተናገርኩም፣ ጓደኛዬም አልተናገረም፣ ምን ይባላል?

ቀጥሎ የሆነው ግን አስደነገጠኝ። አንድ ነጋዴ ከመሃል እጁን አወጣ። የሥዕሉን የቀኝ ጫፍ እያሳየ «ታዲያ ከ2004 ወዲህ ገቢያችን እየወረደ ነው ያለው?» አለ። አየሁት። የ2004 ዘንግ 13.6 ነው፣ የ2010 12.6፣ ከዚያ 2018 ላይ 6.8፣ 2022 ላይ 5.3። እውነትም ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ደረጃ ይመስላል። ርዕሱ ላይ በትልቁ «የእድገት መጠን» ተብሎ ተጽፏል። ግን ሰው ርዕስ ከማንበቡ በፊት ቅርጹን ያነባል። ቅርጹ «ወረደ» ካለ፣ ወረደ ነው። ርዕሱ ሊመልሰው አይችልም።

ጓደኛዬ እዚህ ላይ ጎበዝ ነበር። «ከኮምቦልቻ በሐረጎ ወደ ደሴ ስትወጣ» አለው፣ «ሚኒባሱ መጀመሪያ በስድሳ ይሄዳል፣ ጠመዝማዛው ላይ በሠላሳ ይሄዳል። ፍጥነቱ ቀነሰ። ግን ወደ ኮምቦልቻ ተመለሰ?» ነጋዴው «አልተመለሰም፣ እየወጣ ነው» አለ። «እንደዚያ ነው፣ ባሩ የሚነግርህ ፍጥነቱን ነው፣ ከፍታውን አይደለም።» ገባው። ከኋላ ያሉትም ገባቸው። ግን አስቡት፣ ጓደኛዬ ባይኖር ሰዉ ቤቱ የሚገባው ለሃያ ዓመት እየወደቅን ነው ብሎ ነበር።

የእድገት ባር ሌላም ነገር ይደብቃል፣ ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ከ11.1 በመቶ ውድቀት በኋላ በ1986 ወደ ላይ 9.7 በመቶ አለ። ባሮቹን ጎን ለጎን ስታያቸው «ወደቀ፣ ተነሳ፣ ቀረ» ትላለህ። ቁጥሩን እንከተለው። በ1984 መቶ ነበር እንበል። በ1985 ወደ 88.9 ይወርዳል። የ1986ቱ እድገት የሚሰላው ከ88.9 ላይ ነው፣ ስለዚህ 97.5 ላይ ይደርሳል። ገና ነው። ከድርቁ በፊት የነበረውን ያለፈው በ1987 ነው፣ 13.9 በመቶ አድጎ 111 ሲሆን። በዚያ መሃል ግን የሚበላው አፍ ጨምሯል። ደግሞ ላሙን የሸጠ፣ በሬው የሞተበት ገበሬ በአንድ ጥሩ ክረምት ወደ ነበረበት እንደማይመለስ ወሎ ውስጥ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

ከዚያ የዓመተ ምህረቱ ነገር መጣ። አንዲት እናት «በ2003 ምን ሆኖ ነው ወደ ታች የወረደው? እኔ ልጄን የዳርኩበት፣ ጥጋብ የነበረበት ዓመት ነው» አሉ። 2003 ላይ የ2.2 በመቶ ውድቀት አለ፣ እውነት ነው። ግን ያ የፈረንጅ 2003 ነው። በኛ 1995፣ የድርቁ ዓመት። እሳቸው የሚያውቁት 2003 በፈረንጅ 2011 ላይ ነው ያለው፣ ዘንጉም 11.2 በመቶ ወደ ላይ ነው። እሳቸው ትክክል ነበሩ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ለደሴ ሰው በፈረንጅ ዓመት የተጻፈ ግራፍ ይዤ መጥቼ። የሚገርመው ነገር፣ የኛ ቁጥር በተፈጥሮው በኢትዮጵያ ዓመት ነው የሚለካው። የበጀት ዓመታችን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፣ የዓለም ባንኩ ሰንጠረዥም ያንኑ ነው የሚከተለው። «1985» ብሎ የጻፈው ሰኔ 1977 ላይ ያለቀውን ዓመት ነው። ሥዕሉን በኛ አቆጣጠር ለመጻፍ ማድረግ የነበረብኝ ስምንት መቀነስ ብቻ ነበር።

ሻይ ላይ ወጣን፣ ስንመለስ መብራት የለም። ፕሮጀክተሩ ጠፋ። እንደ እድል ሆኖ የቀሩትን ሥዕሎች ከጎን ካለ ማተሚያ ቤት በጥቁርና ነጭ አሳትሜ ይዣለሁ። እዚህ ጋ ፓይ ቻርቱ፣ በቁራሽ የተከፈለው ክብ ሥዕል፣ ጉድ አደረገን። ግብርና፣ ኢንዱስትሪና አገልግሎት በአረንጓዴ፣ በሰማያዊና በብርቱካናማ የተሠሩ ነበሩ። ወረቀቱ ላይ ሦስቱም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነዋል። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚነግረው ትንሿ ሳጥን ከጎን ናት፣ እሷም ግራጫ። በእስክሪብቶ ቁራሹ ላይ ስሙን እየጻፍን አደልን።

ከቀለሙ በላይ ግን የቅርጹ ነገር አለ። ሁለት ክብ ጎን ለጎን አድርጌያለሁ፣ የ2000 እና የ2023። በመጀመሪያው ግብርና ከአርባ በመቶ በላይ ነው፣ በሁለተኛው ሠላሳ አምስት በመቶ ገደማ። ከሐይቅ አካባቢ የመጡ አንድ ገበሬ ወረቀቱን እያገላበጡ «እንግዲህ ግብርናው ተዳከመ በሉና» አሉ። አልተዳከመም። ክቡን እንደ ድፎ ዳቦ አስቡት፤ ድፎው ራሱ ስንት እጥፍ አድጓል፣ የግብርና ቁራሽ ከድፎው አንጻር ጠበበ እንጂ ቁራሹ ራሱ በጣም ተልቋል። ሁለቱን ክብ እኩል አድርጌ ስስል ግን ያደገውን ድፎ ደበቅኩት። ፓይ ቻርት የአንድን ጊዜ ክፍፍል ለማሳየት ይበቃል፣ ሁለትና ሦስት ቁራሽ ካለው። ሁለት ዘመን ለማወዳደር ግን አልመክርም። ዊልያም ክሊቭላንድና ሮበርት ማጊል የሚባሉ ተመራማሪዎች በፈረንጅ 1984 ሰው ግራፍን እንዴት እንደሚያነብ ፈትነው ነበር። ዓይናችን በአንድ መስመር ላይ የቆሙ ነገሮችን ቁመት በደንብ ይለያል፣ ማዕዘንና ስፋት ላይ ግን ይሳሳታል። ፓይ ቻርት ደግሞ ሁለመናው ማዕዘን ነው።

አንድ ሥዕል የኔ አልነበረም። ከአንድ መሥሪያ ቤት በስላይድ የተላከልን ነው፣ የ2020፣ የ2021 እና የ2022 ጂዲፒ በዶላር በባር ቻርት። 107.7፣ 111.3፣ 126.8 ቢሊዮን። የመጨረሻው ዘንግ ከመጀመሪያው ሦስት እጥፍ ተኩል ይረዝማል። ለምን? የግራው ቋሚ መስመር የሚጀምረው ከዜሮ ሳይሆን ከ100 ስለሆነ። የተሣለው 7.7 እና 26.8 ነው ማለት ነው፣ መቶው ተቆርጧል። እውነተኛው ልዩነት 18 በመቶ ገደማ ነው። ይህንን ሥዕል አላሳየሁም። ባር ቻርት ሰው የሚያነበው በቁመቱ ነው፤ እግሩን ከቆረጥከው ውሸት ይናገራል። ላይን ግራፍ ላይ ከዜሮ አለመጀመር አንዳንዴ ይቻላል፣ ምክንያቱም እዚያ ዓይን የሚከተለው አቀበቱንና ቁልቁለቱን ነው። ባር ላይ ግን በፍጹም።

ከጎረቤት ጋር ያወዳደርንበትም ነበር፣ እሱን ባጭሩ ልለፈው። በ2023 የኛ ጂዲፒ 163.7 ቢሊዮን፣ የኬንያ 108 ቢሊዮን ገደማ። ባሩ ላይ እኛ እንረዝማለን። በሕዝብ ቁጥር ስታካፍለው የኛ 1,270 ዶላር አካባቢ ይሆናል፣ የእነሱ 1,950 አካባቢ። ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። አንድ ተማሪ የነፍስ ወከፉን ቁጥር አይቶ «የእኔ 1,270 ዶላር ማን ጋ ነው ያለው?» ብሎ ጠየቀ፣ ከልቡ ነው። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ነፍስ ወከፍ ማለት ማካፈል ብቻ ነው፤ ማን ምን ያህል እንዳገኘ አይናገርም። አንድ ዘንግ ሆኖ ሲሣል ግን እያንዳንዱ ሰው ኪስ ውስጥ ያለ ብር ይመስላል። ከዚያ ወዲህ ከዘንጉ ሥር «ለሁሉም እኩል ቢካፈል» የሚል ጽፌ ነው የማሳየው።

ስንለያይ ጓደኛዬ «አብሽር፣ በሁለት ሳምንት ሌላ ዙር አለ» አለኝ። እነዚያን ሁለት ሳምንታት በአንዲት ነገር ላይ አሳለፍኳቸው፤ ሰባ ሰባት እንድትታይ፣ ግን የዛሬው እድገትም ውድቀት መስሎ እንዳይነበብ።

መፍትሔው ሎግ ስኬል ነው። ስሙ ያስፈራል፣ ነገሩ ግን ገበያ ላይ ያለ ነው። ሁለት በግ ያለው ሰው አንዱ ቢሞትበትና ሃያ በግ ያለው ሰው አሥሩ ቢሞቱበት፣ ሁለቱም ግማሽ ሀብታቸውን አጡ። ተራው ግራፍ የመጀመሪያውን ሰው ጉዳት አንድ በግ፣ የሁለተኛውን አሥር በግ አድርጎ ይስላል። ሎግ ስኬል ሁለቱንም በእኩል ቁልቁለት ይስላቸዋል። ቋሚው መስመር ላይ ከ100 እስከ 200 ያለው ርቀት፣ ከ200 እስከ 400 ካለው፣ ከ400 እስከ 800 ካለውም ጋር እኩል ነው። ኤክሴል ላይ ቋሚውን መስመር በቀኝ ጠቅ አድርገህ ቅንብሩ ውስጥ አንዲት ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ ብቻ ነው። ሳደርገው ያ ሜዳ ተነሳ። በዚያው ሃያ ሳንቲ ሜትር ወረቀት ላይ ሰባ ሰባት ወደ አንድ ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ስንጥቅ ሆነች። የ1983 እና የ1984 በኛ፣ የመንግሥት ለውጡ ጊዜ ያለው ውድቀትም ወጣ። ከ1996 በኋላ ያለው አቀበት ደግሞ ረጋ ብሎ ይወጣል።

ሎግ ስኬል ላይ ባር ቻርት አይሠራም፣ ዜሮ የሚባል ነገር ስለሌለው። ስለዚህ አንዱን ወረቀት ለሁለት ከፈልኩት። ላይኛው ግማሽ ላይ ላይን ግራፉ፣ «የደረስንበት ከፍታ» ብዬ። ታችኛው ግማሽ ላይ የእድገት ባሮቹ፣ «የዓመቱ ፍጥነት» ብዬ። ዓመቶቹ ከላይና ከታች በአንድ ቋሚ ላይ ይገጥማሉ፣ ሁሉም በኢትዮጵያ አቆጣጠር። የቀለም ሳጥን የለም። ስሙ መስመሩ ጫፍ ላይ ነው የተጻፈው፣ ጥቁርና ነጭ ቢታተምም እንዲነበብ።

ከስብሰባው በፊት የሆነ ሰው ላይ መሞከር ነበረብኝ። በምሠራበት ሕንፃ በር ላይ ጀበና ቡና የሚሸጡ እናት አሉ። ወረቀቱን ሰጠኋቸውና ምንም ሳላስረዳ «እትዬ፣ ይሄ ምን ይላል?» አልኳቸው። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ጣታቸውን መስመሩ ላይ አስቀመጡ። ከግራ ጀምረው በቀስታ አስኬዱት። ስንጥቋ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ወደ ታች ገባ፣ ቆመ። ከሥር ያለውን ቁጥር አነበቡ። «ሰባ ሰባት» አሉ። ቀጠሉ፣ ሌላ ስንጥቅ፣ ከዚያ አቀበቱን እስከ ጫፍ ወጡ። «ወድቆ ወድቆ ተነሳ፣ አሁን እየወጣ ነው፣ ግን ደከም ብሏል» አሉኝ፤ የታችኛውን ግማሽ የመጨረሻ ባሮች አይተው ነው። ሌላ ምንም ማስተካከል አላስፈለገኝም።

ሁለተኛው ዙር ላይ አባባ መጡ። ወረቀቱን ለእያንዳንዱ ሰው አደልን፣ ፕሮጀክተር አላበራንም። እሳቸው ጋ ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ራሳቸው አገኟት። ጥፍራቸውን ስንጥቋ ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ። በዚያ ዓመት ባቲ ላይ በነበረው መጠለያ ያለፉ ሰው ናቸው፣ የዚያን ቀን ነው የነገሩኝ። ከዚያ ቀና ብለው «ይቺ የመላው አገር ናት?» አሉ።

«አዎ አባባ። የመላው አገር ድምር ናት።»

«የወሎን ብቻዋን ብትስላት ወረቀቱ ይበቃል?»

ሰንጠረዡ አገርን እንጂ ክፍለ ሀገርን አይለይም፣ ያንን ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። እስክሪብቶ ጠየቁኝና ከስንጥቋ ሥር፣ እስከ ወረቀቱ ታችኛው ጠርዝ ድረስ፣ አንድ መስመር ወደ ታች ሳቡ። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።